«ከዕፅዋት የተሠራ ክኒን አይጎዳም» ለሚለው አስተያየት የቀረበ እርማት

«ክብደት መቀነሻ ክኒኑ ከዕፅዋት ብቻ የተቀመመ ስለሆነ የጎንዮሽ ጉዳት የለውም» ተብሎ የተሰጠው አስተያየት ብዙዎች የሚያምኑት ቢሆንም ስሕተት ነውና መታረም አለበት። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር «ተፈጥሯዊ» ተብለው የሚሸጡ የማቅጠኛ ክኒኖችን በላቦራቶሪ ሲመረምር፣ በማሸጊያቸው ላይ ያልተጻፈ ሲቡትራሚን የተባለ መድኃኒት በተደጋጋሚ አግኝቶባቸዋል። ሲቡትራሚን የምግብ ፍላጎትን ይቀንሳል፤ ይሁን እንጂ የደም ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ የሚያደርግ ከመሆኑም በላይ፣ የልብ ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ በተካሄደ ሰፊ ጥናት በድንገተኛ የልብ ሕመምና በስትሮክ የመያዝን ዕድል እንደሚጨምር በመታየቱ በ2010 እ.ኤ.አ. በአውሮፓም በአሜሪካም ከገበያ ወጥቷል። ስለዚህ ገዢው «ቅጠል ነው» ብሎ የሚውጠው ነገር፣ ሐኪሞች ማዘዝ ያቆሙት መድኃኒት ሊሆን ይችላል።

«በሦስት ቀን ቀነስኩ» የሚለው ምስክርነትም ማስረጃ አይሆንም፤ ሰናመኪ (ሆድን የሚያስቀምጥ ቅጠል) ያለባቸው ምርቶች የሚያስወጡት ውሃ እንጂ ስብ አይደለምና።

ኦርሊስታት የተባለው ፈቃድ ያለው የክብደት መቀነሻ መድኃኒት እንኳ፣ ከምግብ ከሚገኘው ስብ 30 በመቶ ያህሉ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ቢያግድም፣ ከአመጋገብ ማስተካከያ ጋር ለአንድ ዓመት ተወስዶ የሚያስገኘው ተጨማሪ ቅናሽ በአማካይ ወደ 3 ኪሎ ግራም ብቻ ነው፤ ቅባታማ ተቅማጥም ያስከትላል፣ የቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ ምጥጠትንም ይቀንሳል።

ምንነቱ ያልታወቀ ክኒን እየወሰዱ ልባቸው በኃይል የሚመታባቸው ወይም ደረታቸውን የሚያማቸው ወገኖች፣ መውሰዱን አቁመው ማሸጊያውን በመያዝ ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ እንዲቀርቡ አጥብቄ እለምናለሁ።