ብፌው ይጫን ወይስ ይሸጥ?

ግንፍሌ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር አንድ ቤተሰብ የአሜሪካ ቪዛ ወጣለት። ባል፣ ሚስትና ሁለት ልጆች ናቸው። ቤታቸው ሙሉ ነው። ሶፋው፣ ፍሪጁ፣ አልጋው፣ የዋንዛ ብፌው፣ ምጣዱ፣ መሶቡ ሁሉም አለ። ይህን ሁሉ ጭነው ይሂዱ ወይስ እዚህ ሸጠው እዚያ አዲስ ይግዙ? ጎረቤቱ ለሁለት ተከፈለ። እኛም ከየወገኑ አንድ ሰው በጽሑፍ እንዲከራከር ጋበዝን። «ይጫን» የሚሉት እትዬ ከካዛንቺስ ወደዚህ የመጡ ጡረተኛ መምህርት ናቸው። «ይሸጥ» የሚለው ወጣት ትራንዚተር ነው፤ የሰው ዕቃ በጉምሩክና በወደብ የሚያሳልፍ ባለሙያ ማለት ነው። ስማቸውን ትተን በአቋማቸው እንጥራቸው።

ይሸጥ ባዩ፦

እትዬ፣ ከእርስዎ ጋር መከራከር ይከብዳል። ግን ሥራዬ ነውና ከሒሳቡ ልጀምር።

መርከብ ዕቃው ስንት እንደተገዛ አይጠይቅም። የሚያስከፍለው በያዘው ቦታ ነው። ባለ 20 ጫማ ኮንቴነር 33 ሜትር ኩብ ገደማ ይይዛል። የባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ዕቃ አይሞላውም። ካልሞላ ወይ ለባዶው ቦታም ይከፈላል፣ ወይ ከሌላ ሰው ጭነት ጋር ተደባልቆ በሜትር ኩብ ይታሰባል። ሶፋ ሲለካ ደግሞ አብዛኛው አየር ነው። ያንን አየር ነው በዶላር የሚያጓጉዙት።

መንገዱንም ያስቡት። ዕቃው ከአራተኛ ፎቅ ያለ ሊፍት ይወርዳል። ታች ጫኝና አውራጆቹ ይጠብቃሉ፤ ከእነሱ ጋር መስማማት ራሱን የቻለ ድርድር ነው። ከዚያ ሞጆ፣ አዋሽ፣ ሚሌ፣ ጋላፊ፣ ጅቡቲ። ወደ 900 ኪሎ ሜትር ነው፤ ባሕሩ ገና አልተጀመረም። በ2016 በቀይ ባሕር ጥቃት ምክንያት ብዙ የኮንቴነር መርከቦች ስዊዝን ትተው በደቡብ አፍሪካ ጫፍ ሲዞሩ አይተናል። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ቀኑ ይረዝማል፣ ዋጋው ይንራል።

ከሁሉም የሚብሰው ግን ጊዜው ነው። ዕቃው ወራት ይፈጃል። ልጆቹ እስከዚያ መሬት ላይ አይተኙም፤ አልጋ ይገዛል። ኮንቴነሩ ሲደርስ ለአንድ ልጅ ሁለት አልጋ ሊኖር ነው።

ይጫን ባይዋ፦

ልጄ፣ አንዱን ወገን ብቻ ነው የደመርከው።

ሰው ስለ ሶፋ ያወራል። ገንዘቡን የሚጨርሰው ግን ማንኪያው ነው፣ አንሶላው፣ መጋረጃው፣ የድስቱ ክዳን፣ መጥረጊያው፣ የልጆቹ ብርድ ልብስ። እነዚህ ሁሉ በአንድ ሳምንት ይፈለጋሉ። ቤት አከራዩ የመጀመሪያውን ወር ኪራይና መያዣ ተቀብሎ ኪሳቸውን ባዶ አድርጎታል። አዲስ ገቢ ደግሞ እዚያ አገር የብድር ታሪክ የለውም። በረጅም ጊዜ ክፍያ ውሰድ የሚለው ሱቅ በቀላሉ አያገኝም። ታዲያ «አዲስ ይግዙ» ስትል በማን ገንዘብ ነው?

ሽያጩንም ቀላል አታድርገው። «ሊሄዱ ነው» የሚል ወሬ ከወጣ በኋላ ማን በደህና ዋጋ ይገዛል? ደላላው ይመጣል፣ ፍሪጁን ከፍቶ ይዘጋል፣ ሶፋውን ተጭኖ ያያል፣ ከንፈሩን ይመጣል። ከዚያ «አስቡበት» ብሎ ይሄዳል። የሚመለሰው በረራው ሦስት ቀን ሲቀረው ነው። ያኔ የጠራው ዋጋ ዋጋ ሆነ! እሱም ከቀረ ቁራሌው አለ።

በዚያ ላይ ብሩን አስብ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ሶፋውን በብር ሸጠው በዶላር ሶፋ ሊገዙ ነው?

ይሸጥ ባዩ፦

የማጓጓዣውም ዋጋ እኮ በዶላር ነው፣ እትዬ! ብሩ ሲወድቅ ጭነቱም አብሮ ነው የተወደደው። ያ ክርክር ለእኔም ይሠራል።

ሽያጩን በተመለከተ ግን አልክድም፤ የቸኮለ ሰው ይከስራል። መፍትሔው አለመሸጥ ሳይሆን ቀድሞ መሸጥ ነው። ትኬት ሳይቆረጥ፣ ወሬው ሳይወጣ፣ አንድ አንዱን በቴሌግራም ማውጣት። መጀመሪያ ብዙም የማይነካው ብፌ፣ መጨረሻ ፍሪጅና ፍራሽ። ወደ ምናለሽ ተራ የሚሄደው ገዢ ያጣው ብቻ ይሁን።

ማንኪያና አንሶላ ላይ ደግሞ ተስማምተናል። ይሂዱ። ግን በመርከብ አይደለም። በአየር መንገዳችን ለአሜሪካ ተጓዥ ለአንድ ሰው ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ይፈቀዳል። አራት ሰው ስምንት ሻንጣ ነው፣ 184 ኪሎ። ትኬቱ ውስጥ የተከፈለበት ነው። አንሶላ፣ ጋቢ፣ ረከቦትና ስኒ፣ በርበሬ፣ ሽሮ ይገባል። ቋንጣ ብቻ እንዳይሞክሩ፤ ሥጋ አሜሪካ በር ላይ ነው የሚቀረው።

ይጫን ባይዋ፦

ምጣዱስ? ሻንጣ ውስጥ ታስገባዋለህ?

ይሸጥ ባዩ፦

ምጣዱ ጭራሽ አይሂድ! የእኛ መብራት 220 ቮልት ነው፤ የአሜሪካ ተራ ሶኬት 120። ሙቀት የሚሰጥ ዕቃ ቮልቱ ወደ ግማሽ ሲወርድ ጉልበቱ በግማሽ ብቻ አይቀንስም፤ ወደ ሲሶ ይወርዳል። ሊጡ ላዩ ሳይበስል ይደርቃል። ፍሪጁና ልብስ ማጠቢያው የባሰ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፣ ድግግሞሹን፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበትን ብዛት፣ ግን አይነካም። እኛ 50 ኸርዝ ነን፣ እነሱ 60። ሞተሩ ካልተሠራበት ፍጥነት ጋር ይታገላል። የስልክና የላፕቶፕ ቻርጀር ግን አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ይችላል፤ ጀርባው ላይ ከ100 እስከ 240 ተጽፎበታል።

እዚያ ያሉ ወገኖቻችን እንጀራ የሚጋግሩት በምን እንደሆነ ያውቃሉ? ብዙዎቹ ሌፍሴ የሚባለውን የኖርዌይ ቂጣ ለመጋገር በተሠራ ባለ 16 ኢንች የኤሌክትሪክ ምጣድ ነው። ገዝተው ይሰኩታል፣ አለቀ።

ይጫን ባይዋ፦

16 ኢንች 40 ሴንቲ ሜትር ነው። የእኛ ምጣድ 60 ይጠጋል። የልጅ እንጀራ ጋግሮ መሶብ ላይ ማንጠፍ ምን ይሉታል?

ደግሞ አንድ ነገር ዘለልክ። የአሜሪካ ቤት ምድጃና ልብስ ማድረቂያ የሚሰካው 240 ቮልት ላይ ነው። የእኛ ምጣድ እዚያ ይሠራል። ፈቃድ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ ሶኬቱን ያስተካክላል። አስቸጋሪ መሆኑን አውቃለሁ፤ «ጭራሽ አይሆንም» ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። የፍሪጁን እቀበልሃለሁ። ፍሪጁ ይሸጥ። ስዊድን ወይም ጀርመን ቢሄዱ ኖሮ እሱንም አልለቅም ነበር፤ እዚያ 230 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው፣ ሶኬቱም ከእኛ ጋር ይስማማል።

(ከአዘጋጁ፦ ይህ ነጥብ ከምጣዱ ይበልጣል። የሚሄዱበት አገር ሳይታወቅ ስለ ኤሌክትሪክ ዕቃ መከራከር ከንቱ ነው። ምጣዱን ግን ለእትዬ ሰጥተናል።)

ይጫን ባይዋ፦

አሁን ወደ ብፌው እንምጣ። ዋንዛ ነው። የሚስትየው እናት በሠርጋቸው የሰጧት ነው። እዚያ ሱቅ የሚሸጠው ቤት ተወስዶ በብሎን የሚገጣጠም የታመቀ ፍቅፋቂ ነው፤ ሁለት ጊዜ ቤት ከቀየሩ ይወላልቃል። ዋንዛ የልጅ ልጅ ያያል። ታዲያ በሱቁ ዋጋ ለምን ታወዳድረዋለህ? እንደ ብፌው ያለ ዕቃ በዚያ ዋጋ እዚያ አይገኝም።

ቀረጥ ብለህም እንዳታስፈራራቸው። የአሜሪካ ጉምሩክ ቢያንስ አንድ ዓመት የተገለገሉበትን የቤት ዕቃ ያለ ቀረጥ ያስገባል።

ካዛንቺስን ታስታውሳለህ አይደል? በ2017 ሲፈርስ ያደግኩበት ግቢ ሄደ። በሩም አጥሩም የለም። ከዚያ ቤት የቀረልኝ ብፌዬና የእናቴ ሙቀጫ ነው። አንተ «ዕቃ ይተካል» ስትለኝ እኔ የማስበው ይሄንን ነው። እነዚህ ልጆች ሲያድጉ አዲስ አበባን በምን ሊያስታውሱ ነው? በፎቶ?

ይሸጥ ባዩ፦

እትዬ፣ ስለ ካዛንቺሱ መልስ የለኝም። የምመልሰው ስለ እንጨቱ ነው።

ዋንዛው የደረቀው በአዲስ አበባ አየር ነው። ጅቡቲ በበጋዋ ከ40 ዲግሪ በላይ ነው፣ እርጥበቱ ሌላ። የተዘጋ ኮንቴነር ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፣ ጣሪያው ያልብና ይንጠባጠባል። እንጨቱ ያብጣል። ከዚያ ክረምት ቤቱን በማሞቂያ የሚያደርቅ አገር ይገባል፤ ይሸማቀቃል፣ ይሰነጠቃል። መሶቡ በደንብ ካልታሸገ ይሻግታል። ማሸጊያው የእንጨት ሳጥን ከሆነ ደግሞ ተባዩ እንዲሞት በ56 ዲግሪ ሙቀት ለ30 ደቂቃ የታከመና ማህተም ያለበት መሆን አለበት። ከሰፈር አናጢ አሠርቶ መላክ አይቻልም።

ያለ ቀረጥ ማለት ያለ ወጪ ማለትም አይደለም። የወደብ ክፍያ አለ። ጉምሩኩ ኮንቴነሩን ልፈትሽ ካለ የፍተሻውን የሚከፍለው ባለ ዕቃው ነው። በጊዜው ካላነሱት ዲመሬጅ፣ ማለትም የመዘግየት ክፍያ፣ ይቆጥራል። ዝርዝሩን በትክክል መሙላትም አለ። ካናዳ ለሚሄድ ይሄ ይበልጥ ይጠብቃል፤ በኋላ የሚደርሰው ዕቃ ዝርዝር ሰውየው መጀመሪያ ሲገባ በሩ ላይ መቅረብ አለበት። ይህን ረስቶ የገባ ኋላ ይቸገራል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ቤት ውስጥ የቆየ የብር መስቀል ወይም የብራና ዳዊት ካለ፣ ዝም ተብሎ ሻንጣ ውስጥ አይገባም። የቅርስ አዋጁ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ቀድመው ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ያሳዩ። ቅርስ አይደለም የሚል ወረቀት ይዞ ቦሌ መድረስ ሌላ ነው።

ይጫን ባይዋ፦

እሺ፣ ብፌው ባሕር አይሻገር። ግን ካልተጫነ ይሸጥ ያለው ማን ነው? እኛ አገር ሰው ሲሄድ ዕቃው ለእህት፣ ለአክስት ልጅ፣ አዲስ ለተጋባ ዘመድ ይሰጣል። አደራ ይባላል። ሲመለሱም አለ።

ይሸጥ ባዩ፦

አደራውም ቦታ ይፈልጋል። የእህትየው ቤት ስቱዲዮ ነው፤ ብፌ ከገባ ሰው ይወጣል። ከአምስት ዓመት በኋላስ የማን ነው? ሰጪዋ «አስቀምጪልኝ» ብላ ነው የምታስታውሰው፣ ተቀባይዋ «ሰጠችኝ» ብላ። ስንት ዘመድ ተኮራርፏል! መስጠት ከሆነ ይሰጥ፣ በግልጽ። መሸጥ ከሆነም ለሚንከባከበው ሰው ይሸጥ።

ይጫን ባይዋ፦

ለሚንከባከበው? ማን ነው እሱ?

ይሸጥ ባዩ፦

እኔማ ቤት ከተከራየሁ ገና አንድ ወር ነው። ሳሎኑ ባዶ ነው። ብፌው በልኩ ነው፤ ባለፈው ለቡና ስንገባ ለክቼዋለሁ።

ይጫን ባይዋ፦

ይኸው! ለዚህ ነዋ ይሸጥ፣ ይሸጥ ያልከው!