አንዲት «ት»

ለክፍል ስለ ወቅታዊ ጉዳይ ጻፉ ተባልን። የመጀመሪያው ርዕሴ «ወቅታዊ የዓለም ችግሮችና ዘላቂ መፍትሔዎቻቸው» የሚል ነበር። በአምስት ገጽ። ሽፋንና ማውጫ ሲቀነስ በሦስት። መምህራችን ርዕሱን ካነበቡ በኋላ ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን ጭምር አዩት። «የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. ከ1945 ጀምሮ እየታገለ ነው» አሉኝ መነጽራቸውን እያወለቁ፤ «ዛሬ 193 አባል አገሮች ይዞም አልሆነለትም። አንተ በሦስት ገጽ ከገላገልከን እሰየው ነው። ለማንኛውም እስቲ ርዕሱን አጥብበው።»

«አጥብበው» ማለት ቀላል ነው። ልብስ ሰፊ እንኳ ከማጥበቡ በፊት የቱ ጋ እንደሚይዘው በጠመኔ ያሰምራል። መምህር ግን «አጥብበው» ብሎ መነጽሩን መልሶ ያጠልቃል፤ አለቀ።

ወደ አየር ንብረት አጠበብኩት። የ2015ቱን የፓሪስ ስምምነት አገላበጥኩ፤ ከዚያ የ2023ቱን የዱባይ ጉባኤ። በጉባኤው የድንጋይ ከሰልን፣ የነዳጅ ዘይትንና የጋዝን ነገር «ቀስ በቀስ እናስወግድ» እንበል ወይስ «ቀስ በቀስ ፊታችንን እናዙር» በሚለው ሲከራከሩ የስብሰባው ቀን አልፎ በማግስቱ ነው የተጨበጨበው። ፊት ማዞር አሸነፈ። በቃላት ላይ እንዲህ የሚጣሉ ሰዎች መኖራቸውን ሳውቅ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ስለ ጽሑፌ ትንሽ ተጽናናሁ።

ይሁንና ጊዜው እየሄደ ነው። እንደ ማንኛውም ራሱን የሚያከብር ተማሪ ቀድሞኝ ከተመረቀ ወዳጄ የድሮ ጽሑፉን ተዋስኩ። (ተዋስኩ ነው ያልኩት። የምንለያየው ሽፋኑ ላይ ነበር።) ርዕሱ ላይ «ወቅታዊ» የሚል ቃል በደማቁ ተጽፏል። ገባ ስል ኔቶ 29 አባላት አሉት፤ ብሪታንያም ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ገና ደፋ ቀና ትላለች። ወዳጄ ይህን ከጻፈ ወዲህ ብሪታንያ በ2020 ጓዟን ጠቅልላ ወጥታለች፤ ሰሜን መቄዶንያ፣ ፊንላንድና ስዊድን ተከታትለው ኔቶን 32 አድርሰውታል። «ወቅታዊ» የሚባል ጽሑፍ እንደ ወተት ነው፤ ሲሻግት ግን አይሸትም፤ የሚያሸተው ፈታኙ ነው።

ከዚያ ሁሉ አንድም ያላረጀው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «ዓለም አቀፉ ማኅበረሰብ አፋጣኝ ርምጃ ሊወስድ ይገባል።»

እኚህን ሰው ታውቋቸዋላችሁ? ከክፍላችን ልጆች ጽሑፍ ውስጥ እሳቸው ያልተጠሩበት የለም። ለድርቅ ይጠራሉ፣ ለጦርነት ይጠራሉ፣ ለስደት ይጠራሉ፣ ተማሪው ሐሳብ ሲያልቅበት ይጠራሉ። አንድም ቀን «አቤት!» ሲሉ አልተሰማም። አብሮኝ የሚያድረው ልጅ ከብርድ ልብሱ ሥር ሆኖ «አድራሻቸው የጸጥታው ምክር ቤት ሳይሆን አይቀርም፤ እዚያ ፈልጋቸው» አለኝና ተኛ።

ፈለግኳቸው። የድርጅቱን ቻርተር ከፍቼ አንቀጽ 23 ላይ ደረስኩ። ምክር ቤቱ 15 መቀመጫ አለው፤ አምስቱ ቋሚና ድምፅን በድምፅ መሻር የሚችሉ ናቸው። ከአምስቱ አንዷ ማን ተብላ እንደተጻፈች ታውቃላችሁ? ሶቪየት ኅብረት! በ1991 የፈረሰችው። ወንበሩን ሩሲያ ወርሳለች፤ ጽሑፉ ላይ ያለውን ስሟን ግን እስከ ዛሬ የነካው የለም። የዓለምን ሰላም የሚመራው ሰነድ ሳይታረም ከተቀመጠ የእኔው ነው እንዴ የሚያሳፍረው?

በዚህ ልብ ላይ ሆኜ ነው የምክር ቤቱ ውሳኔ ቁጥር 242 ላይ የወደቅኩት። ኖቬምበር 22 ቀን 1967፣ እስራኤል ከዐረብ ጎረቤቶቿ ጋር ከተዋጋችው የስድስቱ ቀን ጦርነት በኋላ። አሥራ አምስቱም አባላት እጃቸውን አወጡ። እንግሊዝኛው እስራኤል ጦሯን «በግጭቱ ከተያዙ ግዛቶች» ታስወጣ ይላል። ፈረንሳይኛው ደግሞ «ከተያዙት ግዛቶች» ተብሎ የሚነበብ ነው። ልዩነቷ ገብታችኋለች? «ት» ናት። እንግሊዝኛው «ዘ» የምትባለዋን ትንሽ ቃል ትቷታል። ያለ «ት» ከሆነ ከአንዳንዶቹ መውጣት ይበቃል ይላሉ እስራኤልና ደጋፊዎቿ፤ የለም፣ ከሁሉም ነው ይላሉ ዐረቦቹ፤ ፈረንሳይኛውንም ይዘው ይሞግታሉ። በድርድሩ የነበሩት የአሜሪካው አምባሳደር አርተር ጎልድበርግ በኋላ ላይ መቅረቷ በአጋጣሚ እንዳልሆነ ተናገሩ። ሁሉም የተስማማው እያንዳንዱ የፈለገውን እንዲያነብባት ሆና ስለተጻፈች ነው ማለት ነው። እኔ ፊደል ስገድፍ አምስት ነጥብ ይቀነስብኛል፤ እነሱ ሲገድፉ ዲፕሎማሲ ይባላል።

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አብሮኝ የሚያድረውን ልጅ ቀሰቀስኩት። «ስማ፣ ርዕሴን አጠበብኩት። ስለ አንዲት ፊደል ነው የምጽፈው።» «የዓለምን ችግር ትተህ?» አለ አንድ ዓይኑን ከፍቶ። «እሱ ራሱ ነው!» አልኩት። ዓይኑን መልሶ ጨፈነ።

መምህሩ ርዕሱን ሲያዩ ዝም አሉ። «1967 ወቅታዊ ነው?» አሉኝ። «አላለቀማ፣ መምህር» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ተቀበሉኝ።

ሦስቱን ገጽ ከልቤ ጻፍኩ፤ ከተመረቀው ወዳጄ አንዲት መስመር አልተዋስኩም። ብቻ ማስረከቢያው ሰዓት ሊሞላ አሥር ደቂቃ ሲቀረው መደምደሚያ እንደሌለኝ ትዝ አለኝ። እጄ ለብቻው ሄደ። ያቺኑ ጻፈ።

ወረቀቱ በሳምንቱ ተመለሰ። ሦስቱ ገጾች ንጹሕ ናቸው። መጨረሻው መስመር ላይ «ዓለም አቀፍ ማኅበረሰብ አፋጣኝ ርምጃ ሊወስድ ይገባል» የሚለው በቀይ ተከቧል፤ ጎኑ «አቀፍ ወይስ አቀፉ?» ተብሎ ተጽፏል፤ አምስት ነጥብም ሄዷል።

ቢሯቸው ድረስ ሄጄ አንኳኳሁ። «መምህር» አልኳቸው፣ «መቅረቷ በአጋጣሚ አይደለም።»