ሕይወቴን የቀየረው መጽሐፍ

አንባቢ ጠፋ እያሉ የሚያለቅሱ ሰዎች የት ሰፈር እንደሚኖሩ አይገባኝም። እኔ ባለሁበት አዲስ አበባ ሕይወቱ በመጽሐፍ ያልተቀየረ ሰው ፈልጌ አጣሁ፣ እንደነበርኩ የቀረሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ባለፈው ቅዳሜ አራት ኪሎ አንዱ ካፌ በረንዳ ላይ ቁጭ ብያለሁ። አጠገቤ አንድ ጎልማሳ ማኪያቶ አዟል። መጽሐፍ አዟሪው ልጅ መጣ፣ ያው እንደምታውቁት ክንዱ ላይ እስከ አገጩ ደርድሮ። ሰውዬው «እስቲ ያንን አሳየኝ» አለና ስለ ትዕግስት የሚያወራ አንድ የትርጉም መጽሐፍ ተቀበለው። በቃ ሥራ ተጀመረ። መጽሐፉን ከማኪያቶው በግራ አስቀመጠው፣ አላማረውም፣ ወደ ቀኝ አዞረው፣ ርዕሱ ላይ ጥላ ወደቀበት፣ ተነስቶ ወንበር ቀየረ። የስኳር እቃውን ወደኔ ገፋው። መነጽሩን አወለቀና መጽሐፉ ላይ ጣል አደረገው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያነብ አድሮ አይኑ እንደደከመው ሰው። ከዛ ከመሀል ይገለጥ አለ፣ ገጹ እየተዘጋ አስቸገረው፣ በማንኪያ ያዘው፣ ማንኪያው ደበረው፣ በመኪና ቁልፍ ተካው (ማርኩ ወደ ላይ ነው በነገራችን ላይ)። ይሄ ሁሉ ሲሆን የማኪያቶው አረፋ ጠፋ! ሌላ ታዘዘ። ትንሽ ዘገየ ብሎ አስተናጋጇ ላይ ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያይ ድረስ ጮኸባት፤ መጽሐፉ ስለ ትዕግስት ነው ብያችኋለሁ አይደል። ሁለተኛው መጣ፣ ልብ ተስሎበታል፣ አሁን ፎቶው ተነሳ፣ ቆሞ፣ ጎንበስ ብሎ፣ አንዴ ደግሞ እጁ ሊያነሳው ሲዘረጋ። ልጁ ሀያ ደቂቃ ሙሉ ያንን ክምር ተሸክሞ ፀሐይ ላይ ቆሟል። በመጨረሻ መጽሐፉ ተዘጋና ተመለሰለት። «ፒዲኤፉ ቴሌግራም ላይ አይጠፋም አይደል?»

ልጁ «አላውቅም ጋሼ» ብሎ ሄደ።

ማታ የሰውዬውን ፖስት ፌስቡክ ራሱ አምጥቶ ደቀነልኝ፣ የጋራ ጓደኛ አለን መሰለኝ። «አስተሳሰቤን ከሥሩ የነቀለ መጽሐፍ» ይላል።

እንዴት ያለ ጥበብ ነው! ድሮ ሰው ሞኝ ስለነበረ ለመቀየር ማንበብ ነበረበት። ከ500 ገጽ በላይ የሆነውን ፍቅር እስከ መቃብርን ይዞ ቁጭ ይል ነበር እኮ። እኔ ራሴ አስረኛ ክፍል ሆኜ አንብቤው አንድ ሳምንት ሙሉ ጉዱ ካሳ ሆኜ ሰነበትኩ፣ እናቴ ውሃ ቅዳ ስትለኝ ስለ አጉል ልማድ አስተማርኳት፣ በነጋታው ግን ቀዳሁ። አሁን ያ ድካም ቀርቷል። ባለፈው አንዱ «ሦስቴ ደጋግሜዋለሁ» ሲለኝ ደስ አለኝና ስለ ጉዱ ካሳ ምን ይመስልሃል አልኩት። «የሰብለ አባት ነው አይደል፣ ጨካኝ ሰው ነው» አለኝ። ከወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ትረካ አምስት ደቂቃ በታክሲ ሰምቶ ቢሆን እንኳን እንዲህ አይሳሳትም ነበር።

ሌላው የማደንቀው ባለ ሃይላይተሩን ነው። እሱ ምስጋና ይግባውና ያነባል፣ ግን የሚያሰምረው ድሮም «እኔ ያልኩት ይሄንን ነው» የሚልበት ላይ ብቻ ነው። ሰነፍን አትርዳ የሚል መስመር ሲያገኝ ደማቅ ቢጫ፣ ሠራተኛህን አክብር የሚለው ጋ ሲደርስ ሻይ ደረሰ ይባላል። መጽሐፉን አንብቦ ሲጨርስ አስተሳሰቡ አልተነካበትም፣ ታሽጎ እንደመጣ ነው፣ ዋስትናውም አላለቀም።

አንዳንዴ ግን ቀልዱ ያልቅብኛል። በዓሉ ግርማ በ1975 ኦሮማይን አወጣ፣ መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፣ እሱም በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መጽሐፍ የሰው ጭንቅላት ይነካል ብሎ ከልቡ ያመነ ካለ መጽሐፉን ያስለቀመው መንግሥት ነው እንጂ እኛ አይደለንም። እኛማ ያንን የሚያህል ነገር ከማኪያቶ ጎን እናስተኛዋለን። ደራሲ ተበድሮ ያሳትማል፣ ሳምንት ሳይሞላው አንዱ ገጽ በገጽ ስካን አድርጎ በነፃ ይበትነዋል፣ ስሙም «ለትውልድ ማካፈል» ነው! ሌብነት ነው እንጂ ምን ማካፈል አለው? ያንን ልጅ ሀያ ደቂቃ ማቆምስ ምን ይባላል?

እሺ ተረጋጋሁ።

ወደ ፖስቱ ስመለስ መቶ ምናምን ላይክ ገብቶለታል። ከሥር አንዷ «ወንድሜ ምናለ ፒዲኤፉን ብትልክልን» ብላዋለች። እሱም የልብ ኢሞጂ አስከትሎ «እህቴ ትንሽ ታገሺኝ፣ እኔም እየፈለኩት ነው» ብሎ መልሶላታል።