ፒዲኤፍ የመማሪያ መጽሐፍን አይተካም

በአዲስ አበባ የሚገኝ አንድ የግል ትምህርት ቤት ሰሞኑን ለወላጆች በላከው ደብዳቤ፣ ከመጪው መስከረም ጀምሮ ከ5ኛ ክፍል በላይ ላሉ ተማሪዎች የታተመ መጽሐፍ እንደማያቀርብና ትምህርቱ ሁሉ በታብሌት ላይ በሚጫን ፒዲኤፍ እንደሚሰጥ አስታውቋል። ታብሌቱን የሚገዛው ወላጅ ነው። ለውሳኔው የቀረቡት ምክንያቶች የቦርሳ ክብደት እንደሚቀንስ፣ የኅትመት ወጪ እንደሚቀርና የዛሬ ልጅ ከወረቀት ይልቅ ከስክሪን ጋር እንደሚግባባ የሚገልጹ ናቸው።

ከሁሉም የሚያስቆጣው የመጨረሻው ነው። በስክሪን መካከል ያደገ ልጅ በስክሪን ላይ የተሻለ ያነባል የሚለው እምነት ማስረጃ የለውም፤ ያለው ማስረጃ በተቃራኒው ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ አንድ ጥናት፣ ከ2000 ወዲህ የተሠሩ 54 ምርምሮችንና ከ170 ሺሕ በላይ አንባቢዎችን አሰባስቦ ሲመረምር፣ አንድን ጽሑፍ በወረቀት ያነበቡት በስክሪን ካነበቡት የተሻለ እንደተረዱት አሳይቷል፤ ልዩነቱ ጎልቶ የታየውም ዕውቀት በሚያስጨብጡ ጽሑፎች ላይና የንባቡ ጊዜ በተገደበበት ሁኔታ ነው፤ የመማሪያ መጽሐፍ የሚነበበውም እንዲሁ ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ ልዩነቱ ዓመታት ባለፉ ቁጥር እየሰፋ እንጂ እየጠበበ አልሄደም። ጣቱ ስክሪን መግፋት የለመደ ልጅ አንድን ረጅም ዐረፍተ ነገር እስከ መጨረሻው ይዞ መቆየት ለምዷል ማለት አይደለም። ደብዳቤውን የጻፉት ሰዎች ይህን ሳያጣሩ የልጆቻችንን ትምህርት በግምት ላይ መሥርተውታል።

የቦርሳ ክብደትማ የክፍለ ጊዜ ድልድልን በማስተካከልና በየክፍሉ ቁም ሣጥን በማኖር የሚፈታ ነገር ነው።

ይህን መንገድ ደግሞ አንድ ጊዜ ሄደንበታል። በ1997 ዓ.ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ ቴሌቪዥን በየክፍሉ ተተክሎ፣ በደቡብ አፍሪካ የተዘጋጀ የሒሳብ፣ የፊዚክስ፣ የኬሚስትሪና የሌሎችም ትምህርቶች ሥርጭት በሳተላይት ይተላለፍ ጀመር። ያን ጊዜም የተነገረን ዘመናዊ እንደሆነ፣ የከተማውንና የገጠሩን ተማሪ እኩል እንደሚያደርግ፣ የመምህራንን ክፍተት እንደሚሸፍን ነበር። በተግባር ግን የክፍለ ጊዜውን አብዛኛውን ደቂቃ ስክሪኑ ላይ ያለው አስተማሪ ይወስደዋል፤ ብዙዎች በማይከታተሉት ፈጣን እንግሊዝኛ ጥያቄ ያቀርብና ተማሪው አስቦ ሳይጨርስ ራሱ መልሶ ያልፋል። እጁን ያወጣውን ልጅ የሚያይለት የለም። መምህሩም ሥርጭቱን ማስቆም ስለማይችል በገዛ ክፍሉ ውስጥ ጥግ ይዞ ተመልካች ይሆናል፤ መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ የዕለቱ ትምህርት አብሮ ይጠፋል። ከዚያ ትውልድ ትምህርቱን ያተረፈው፣ ማታ ቤቱ ገብቶ የመማሪያ መጽሐፉን የገለጠው፣ ያልገባውን አንቀጽ ደጋግሞ ያነበበውና በኅዳጉ ላይ በእርሳስ የጻፈው ነው። ፕላዝማው ሲከሽፍ መጽሐፉ እጁ ላይ ነበረ። ዛሬ ከልጆቻችን እጅ የሚወሰደው ይኸው መጠባበቂያ ነው፤ ታብሌቱ ሲሰበር፣ ባትሪው ሲያልቅ፣ መብራት ሲሄድ የሚገለጥ ሌላ ነገር አይኖርም። ለፕላዝማው ውሳኔ በይፋ ኃላፊነት የወሰደ ሰው አላየንም፤ ለዚህኛውም የሚጠየቅ እንደማይኖር ከወዲሁ ይታየኛል።

በ2015 ዓ.ም. አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመር መጽሐፍ በወቅቱ ባለመታተሙ፣ ፒዲኤፉ በቴሌግራም ሲዘዋወር የከረመውን ሁላችንም አይተናል። በብዙ ቤት ያለው ስልክ አንድ ነው፤ እሱም ጠዋት ከእናት ወይም ከአባት ጋር ሥራ ይሄዳል። አቅሙ ያለው ወላጅ ፋይሉን ይዞ ፎቶ ኮፒ ቤት ተሰለፈ፣ ምዕራፍ በምዕራፍ አሳትሞ አስጠረዘ። ወላጆች ከኪሳቸው ገንዘብ አውጥተው ፋይሉን ወደ ወረቀት መመለሳቸው ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ በቂ መልስ ይመስለኛል። የኅትመት ወጪ ቀረ የሚባለውም ስለዚህ ትክክል አይደለም፤ ወጪው ከትምህርት ቤቱ ወደ ወላጅ ተዛወረ እንጂ አልቀረም፣ በዚያ ላይ የታብሌቱ ዋጋ ተጨመረበት።

ስዊድን መብራትም ኢንተርኔትም የማያጥራት፣ ታብሌትን ቀድማ ወደ ክፍል ያስገባች አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ2023 መንግሥቷ ወደ ታተመ መጽሐፍ ለመመለስ ወስኖ ለመማሪያ መጻሕፍት መግዣ 685 ሚሊዮን ክሮነር መድቧል። የእኛ አገር ደግሞ በዓለም ባንክ ግምት ከ10 ዓመት ልጆቿ መካከል 90 በመቶ ያህሉ ቀላል ጽሑፍ አንብበው የማይረዱባት ናት። ልጆቿ ገና ማንበብ ባልጸኑባት አገር መጽሐፍን ከክፍል ማውጣት ዕድገት ተብሎ ሊቀርብልን አይገባም።

ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብ መሣሪያ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ቤተ ሙከራ በሌለበት ትምህርት ቤትም ሙከራን በቪዲዮ ማሳየት ይጠቅማል። ለእነዚህ ታብሌት ይግባ፤ መጽሐፍ የሚያስወጣ ግን አንዳቸውም አይደሉም።

ትምህርት ቤቱ ደብዳቤውን ይሳብ። የከተማው ትምህርት ቢሮም ይህ ልማድ ወደ ሌሎች ሳይዛመት፣ ለእያንዳንዱ ተማሪ በእያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት የታተመ መጽሐፍ ያላቀረበ ትምህርት ቤት በመስከረም ምዝገባ እንዳያካሂድ በግልጽ መመሪያ ይከልክል፤ ወላጆችም መመሪያው እስኪወጣ ድረስ ለታብሌት የተጠየቁትን ገንዘብ አይክፈሉ።