እርማት፦ ፐርኪንስ የሚሸጠው ሞተሩን ነው

ወንድሜ፣ «ቃሊቲ መጋዘናችን ያለው ጄኔሬተር ሙሉ በሙሉ የፐርኪንስ ምርት ነው» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ይመስለዋል፤ ግን ልክ አይደለም። የፐርኪንስ ሥራ ሞተሩ ነው። ኤሌክትሪኩን የሚያመነጨው አልተርኔተር አብዛኛውን ጊዜ ከሌላ ፋብሪካ ይመጣል። ሁለቱን ገጣጥሞ የሚሸጠውም ሌላ ነው። ሽፋኑን ከፍተህ እየው፤ ሞተሩም አልተርኔተሩም የየራሳቸው የስም ሰሌዳ አላቸው።

የኩባንያው ጉልበትም እዚሁ ላይ ነው። እንግሊዝ አገር ፒተርቦሮ ላይ በ1932 እ.ኤ.አ. ተመሥርቶ፣ ሞተሩን ለሌሎች አምራቾች ሲሸጥ ኖሯል። ስንቱ የማሴ ፈርጉሰን ትራክተር በእሱ ሞተር አርሷል! የጄኔሬተር ገበያ ቢቀዘቅዝ ትራክተሩ አለ፣ ሎደሩ አለ። የአሜሪካው የከባድ ማሽን አምራች ካተርፒላር በ1998 እ.ኤ.አ. ሲገዛውም ስሙን አልነካበትም።

ስለዚህ የሞተር መለዋወጫ ስትፈልግ ሽፋኑ ላይ የተጻፈውን ስም ተወው። ሞተሩ ላይ ያለውን ሲሪያል ቁጥር ይዘህ ሂድ።