«ሦስት እጥፍ» ያሉት ግማሽ ነው

ሐምሌ 2017 የጸደቀው የገቢ ግብር ማሻሻያ በተነቀፈ ቁጥር አንድ መልስ ይመጣል፤ ከግብር ነጻ የሆነው ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ስላለ ሠራተኛው ከሦስት እጥፍ በላይ ተጠቅሟል ይባላል። ከመስከረም 2018ቱ የደመወዝ ጭማሪ ወዲህ ደግሞ ማጉረምረማችን ራሱ እንደ ውለታ ቢስነት ተቆጥሯል።

እንግዲህ እናስላ። የቀድሞው አዋጅ በ2008 ሲወጣ 600 ብር 27 ዶላር ገደማ ነበር። ማሻሻያው ሲጸድቅ 2,000 ብር በባንክ ምንዛሪ 15 ዶላር አይሞላም ነበር። ዶላር አንበላም የሚል ይኖራል፤ የምንበላው ዘይት ግን በዶላር ተገዝቶ ነው የሚመጣው። የላይኛው እርከን ደግሞ ይብሳል። 35 በመቶ ግብር የሚጀምርበት 10,900 ብር ያኔ 500 ዶላር ያህል ነበር፤ አዲሱ 14,000 ብር ግን ማሻሻያው ሲጸድቅ 100 ዶላር ገደማ ነበር። ለሥራ አስኪያጅ የተሰፋውን ግብር ለመምህር አለበሱት፤ ይህንንም እፎይታ አሉት።

ጭማሪውስ? በዲግሪ የሚቀጠር የመንግሥት ሠራተኛ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ አለ። ከተጨመረው 4,560 ብር ውስጥ 1,212 ብር በግብር፣ 319 ብር በጡረታ መዋጮ ይቆረጣል። ሲሶው ኪሱ ሳይደርስ ተመለሰ ማለት ነው። በዚያ ላይ ግብሩ የሚሰላው 7 በመቶው መዋጮ ሳይቀነስ ስለሆነ፣ ሠራተኛው እጁ ላልገባ ገንዘብም ይገብራል።

የጡረታ አበል ከግብር ነጻ ነው፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን አበሉ የሚሰላው በመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዝ ነው። በጭማሪው ማግስት የተሰናበተ ሰው ከአዲሱ ደመወዝ የደረሰው ሽታው ብቻ ነው። መዋጮውም ቢሆን ለዓመታት ከዋጋ ንረት እጅግ ያነሰ ወለድ በሚከፍል የግምጃ ቤት ሰነድ (መንግሥት በሚበደርበት ወረቀት) ላይ ተቀምጦ ሲሟሟ ኖሯል። ባለ ገንዘቡን የጠየቀው የለም።

የግብር መነሻውም የጡረታ አበሉም በየዓመቱ የዋጋ ንረቱን ተከትለው በራሳቸው እንዲስተካከሉ በሕግ ይደንገግ። በጀቱ አይችልም የሚሉ ባለሥልጣናት አስቀድመው ያለ ደረሰኝ ወደሚሸጠው ነጋዴ ይሂዱ። ደመወዝተኛው ግብሩ ከእጁ ሳይሆን ከምንጩ ስለሚቆረጥ መሸሸጊያ የለውም፤ ደጋግመው ወደ እርሱ የሚመለሱትም ለዚሁ ነው።