ወይን ለመቅመስ ስትወጡ ጎረቤታሞቹን ምረጡ

አንድ ጊዜ በአንድ ቀን ሰባት የወይን ጠጅ ማምረቻዎችን ልናዳርስ ተነሳን። ዝርዝሩን ያወጣሁት እኔ ነበርኩ። መስፈርቴ አንድ ብቻ ነው፦ ስማቸውን ሰምቻለሁ። አምስተኛው ቦታ ላይ የምትቀዳልን ልጅ «ይሄኛውስ እንዴት ነው?» ስትለኝ «አሪፍ ነው» አልኳት። ከእሷ በፊት ለነበሩት አራቱም ያልኩት ይህንኑ ነው። ስድስተኛው ዘንድ አርፍደን ደረስን። ሰባተኛውን በመኪና መስኮት አይተን አለፍን።

ሒሳቡን የሠራሁት ቆይቼ ነው። አንድ ቅምሻ 30 ሚሊ ሊትር ቢሆንና በየቦታው አምስት ዓይነት ቢቀዳ፣ ሰባት ቦታ ማለት ከአንድ ሊትር በላይ ነው። ወደ ጠርሙስ ተኩል ይጠጋል። ጠረጴዛው ላይ የመትፊያ ዕቃ የሚቀመጠው ለዚህ ነበር። እኛ ግን መትፋት ነውር መስሎን ሁሉንም ዋጥነው። ባለሙያዎቹ ሳያፍሩ ይተፋሉ። ለማንኛውም በቀን ሦስት ቦታ ይበቃል። መኪና የሚይዘው ሰው ደግሞ ጭራሽ ባይቀምስ ይሻላል።

የባሰው ጥፋቴ ግን ቁጥሩ ሳይሆን አመራረጤ ነበር። «የምትወዱትን ወይን የሚሠሩት ዘንድ ሂዱ» የሚል ምክር በየቦታው ይሰጣል። እኔ አልስማማም። የምትወዱትንማ ታውቁታላችሁ፤ ሱቅም ታገኙታላችሁ። ያን ያህል መንገድ ተጉዞ የሚታወቀውን ጣዕም እንደገና መቅመስ ምን ይጨምራል?

ዝነኛነትም ቢሆን ከየት እንደመጣ ማየት ደግ ነው። በወይን ዓለም ስመ ጥሩ የደረጃ ሰንጠረዥ የፈረንሳዩ የወይን አገር የቦርዶ ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ1855 ለፓሪሱ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ሲሆን፣ ደላሎች ያዘጋጁት በዋናነት ወይኖቹ ይሸጡበት የነበረውን ዋጋ ይዘው ነው። ከዚያ ወዲህ ደረጃው ከፍ ያለለት ቀይ ወይን አንድ ብቻ ነው፤ ሙቶን ሮትሺልድ፣ በ1973። ወይኖቹ ድንቅ ናቸው፤ አልክድም። ግን ሰንጠረዡ እናንተን ማን እንደሚቀበላችሁ፣ ምን እንደሚያሳያችሁ አይናገርም። እንዲያውም አንዳንዱ ዝነኛ ወይን ጠማቂ ቤት ጎብኚ አይቀበልም።

ታዲያ በምን እንምረጥ? እኔ አሁን የምመርጠው በጉርብትና ነው። አንድ ዓይነት ወይን ፍሬ የሚያበቅሉ፣ ማሳቸው የሚዋሰን፣ አሠራራቸው ግን የሚለያይ ሁለት ቤቶች እፈልጋለሁ። ለዚህ የፈረንሳዩን ቡርጎኝ የሚያህል ምሳሌ የለም። ክሎ ደ ቩዦ የሚባለው በግንብ የታጠረ የወይን ማሳ 50 ሄክታር ገደማ ነው። ባለቤቶቹ ግን ወደ 80 ይጠጋሉ። ፍሬው ፒኖ ኗር ነው፤ አጥሩም ያው አንዱ ነው። ጠርሙሶቹ ግን አይመሳሰሉም። ከላይኛው ተዳፋትና ውሃ ከሚተኛበት ከታችኛው ጥግ የሚመጣው ይለያያል። አዲስ በርሜል የሚወድና የማይወድ ጠማቂም ይለያያል።

ይህን በቃል መስማትና በአፍ ማግኘት ለየቅል ናቸው። አንድ ትንሽ ምድር ቤት ውስጥ፣ ሽማግሌው ባለቤት ረጅም የብርጭቆ ቱቦ በርሜሉ አፍ ውስጥ ሰደዱና ጫፉን በአውራ ጣታቸው ደፍነው አወጡት። ጣታቸውን ሲያነሱ ወይኑ ብርጭቆዬ ውስጥ ወረደ። ከሁለተኛው በርሜልም እንዲሁ ቀዱልኝ። «ከላይኛው ማሳ የመጣው የቱ ነው?» አሉኝ። አንዱ ቀለል ብሎ ኮምጠጥ ይላል፤ ሌላው ከበድ ብሎ ድድ ያጣብቃል። በልበ ሙሉነት መለስኩ። ተሳሳትኩ። ሽማግሌው ሳቁና ሁለቱንም እንደገና ቀዱልኝ። ከዚያ ቀን ቅምሻ እስካሁን የማስታውሰው ያንን ነው።

ትልልቆቹ ቤቶች አይረቡም ማለቴ አይደለም። ሻምፓኝን በደንብ የሚያሳያችሁ ትልቅ ቤት ነው። የሻምፓኝ አገር ከተማ በሆነችው ሬምስ ውስጥ በኖራ ድንጋይ ተቆፍረው የቀሩ ጥንታዊ ጉድጓዶች ዛሬ የጠርሙስ ማከማቻ ናቸው፤ ትንሽ ገበሬ ይህ የለውም። ጉርብትናውም አይጠፋም። ኤፔርኔ ከተማ አቬኑ ደ ሻምፓኝ የሚባል መንገድ አለ፤ ታላላቆቹ ቤቶች አጥር ለአጥር ተቀምጠውበታል። ፖርቱጋል ውስጥም የፖርት ወይን መጋዘኖች ከፖርቶ ማዶ፣ ቪላ ኖቫ ደ ጋያ ላይ ተጠጋግተዋል። ሁለቱም ጋ መኪናችሁን አቁማችሁ በእግር ትሄዳላችሁ።

ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ። በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያዋ ናፓ ለምሳሌ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣ ደንብ ከዚያ በኋላ የተከፈቱ ማምረቻዎች ለቅምሻ ቀጠሮ እንዲያስይዙ ያስገድዳል። ስትደውሉ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የሚያስቀምሰን ማነው? ሱቅ የማይገኝ ወይን ትቀዱልናላችሁ? መልሱ ከተድበሰበሰ ተዉት። ድረ ገጻቸው ላይ ከበርሜል ይልቅ የሰርግ አዳራሽ ፎቶ ከበዛም ያው ነው። ወቅቱንም እዩ። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ መስከረምና ጥቅምት፣ በደቡቡ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የለቀማ ጊዜ ነው። ያኔ ትንሹ አምራች እናንተን የሚያይበት ዓይን የለውም።

ሦስተኛውን ቦታ ባዶ እተወዋለሁ። ሁለተኛው ቤት ስጨርስ «ከጎረቤቶችህ የማንን ወይን ትጠጣለህ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ባለፈው የጠየቅኩት ሰው ትንሽ አሰበ። ከዚያ ከመንገዱ ማዶ ምልክት የሌለውን አረንጓዴ በር በጣቱ አሳየኝ። «ጮክ ብለህ አንኳኳ» አለኝ፤ «ውሻውን አትፍራው፣ አይናከስም።»